የሃምሳ ሁለት ደቂቃው ቅጂ

ውድ ዶሪን፣

በታላቅ ሐዘንና በሙሉ የኃላፊነት ስሜት የማሳውቅሽ ነገር አለ። በቤተ መጻሕፍቱ የመረጃ ጠረጴዛ ላይ ለአሥራ አራት ዓመት የቆየው የከረሜላ ሳህን ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቦታው ተነሥቷል። ሁለት የዓይን ምስክሮች አሉ። አንዷ ከታሪክ ክፍል የመጣች ባልደረባችን ስትሆን ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሳህኑን ያነሣው በአንቺ ቦታ የተተካው ላይል ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ጉንዳን» አለኝ። በኅዳር ወር፣ በዊስኮንሲን፣ መሬቱ እንደ ብረት በጠነከረበት ሰሞን፣ ጉንዳን! እኔ አላመንኩትም። አንቺም አታምኚውም።

እውነቱን ለመናገር ግን ሳህኑንም ከመጀመሪያው አላመንኩትም ነበር። መምህራንን ወደ ቅጹ የሚስብ ወጥመድ ይመስለኝ ነበር። እጄን ወደ ከረሜላው ስዘረጋ ከመነጽርሽ በላይ ታይኝና «ፕሮፌሰር ሃውገን፣ እግረ መንገድዎን የፊልሙን ቅጽ ይሙሉልኛ!» ትይኝ ነበር። ከረሜላ የጎረሰ ሰው እምቢ ለማለት አፉ አይመቸውም። ይህን በደንብ ታውቂ ነበር። እኔም ማወቅሽን ስላወቅሁ እዚያ አልጎርስም፤ በኪሴ ከትቼ ቢሮዬ ነበር የምበላው። አሥራ አራት ዓመት በኪሴ አመላለስኩት፣ ዶሪን። ኮቴ ዛሬም ንብ ይጠራል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ከረሜላ አይደለም። የምጽፍልሽ ባለፈው ሐሙስ ስምሽ ባልሠራሽው ጥፋት መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ነው። ሲሰፍር እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። አፌንም አላመመኝም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ እኔ በምን ዓይን አየው እንደነበር ግን አታውቂም።

ቅጹን አስታውሺው። አሥራ ሁለት ሳጥን። የትምህርቱ ስም፣ የተማሪው ብዛት፣ ፊልሙ በስንተኛው ሳምንት እንደሚታይ፣ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ተማሪው በየቤቱ፣ መስማት ለተሳነው የሚነበብ ጽሑፍ ያስፈልገዋል ወይ፣ ርዝመቱስ ስንት ደቂቃ ነው። ከላይ ደግሞ በቀይ «እባክዎ ከሦስት ሳምንት በፊት» ይላል። ሌላው ሰው ይህን ሲያይ ቤተ መጻሕፍት ይታየው ይሆናል፤ ለእኔ የታየኝ የድንበር ኬላ ነው። ስንት ተማሪ እንዳለኝ ለምን ፈለግሽ? በስንተኛው ሳምንት እንደማሳይ ብታውቂስ ምን ሊረባሽ? ልትመጪ ነው? ስለ እኔ ይህን ያህል የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ባለቤቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከመፋታታችን በፊት በነበረው ሳምንት።

ድሮ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር። ዲቪዲዬን በብብቴ ይዤ እገባለሁ፣ አስገባለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ እወጣለሁ። ከዚያ አንድ ክረምት ማንም ሳያማክረን ማጫወቻዎቹን ከየክፍሉ ነቀሏቸው። «ከእንግዲህ ፊልም ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል በኢንተርኔት ይመጣል» ተባለ። ፊልሙ ቤተ መጻሕፍቱ ፈቃድ ከገዛላቸው ፊልሞች ውስጥ ካለ ወዲያው ይሰጣል፤ ከሌለ ከአከፋፋዩ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከዚያ አንቺ ሊንክ ትልኪያለሽ፣ ተማሪው ይጫነዋል፣ ያያል። ስትነግሪኝ ፊትሽ ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። የበለጠ ያስጠረጠረኝም ይኸው ነው።

«ሥራና ሰው» የሚለውን ትምህርቴን ታውቂዋለሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማርኩት፤ የጀርባ አጥንቱም «የመጨረሻው ደርዘን» የሚለው ፊልም ነው። በደቡብ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የካልሲ ፋብሪካ ሲዘጋ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ ሠራተኞቹ በስንብታቸው ዕለት ማሽኖቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይወለውላሉ። ማሽኖቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጠዋል፤ ነገ ይፈርሳሉ። እነሱ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ይወለውላሉ። እኔ በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለማን ነው የሚወለውሉት?» እላለሁ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ሰው ያለቅሳል። አንዳንዴም ያ ሰው እኔ ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ትምህርት በተጀመረበት ቀን ፊልሙን ፈልግልኝ የሚል ማስታወሻ ላኩልሽ። ሦስት ሳምንት ቀርቶ ሦስት ሰዓት አልሰጠሁሽም። ሊንኩ በማግስቱ ደረሰኝ። ፍጥነትሽ ራሱ አልተዋጠልኝም። ከዚያ ኢሜይል መጣ፤ ሌላም መጣ። «የቤተ መጻሕፍት ሰው ብዙ ሲጽፍ አንድ ነገር ፈልጎ ነው» ብዬ ወደ ጎን አልኳቸው።

ባለፈው ሚያዝያ ደረጃው ሥር ያቆምሽኝንስ ቀን ታስታውሻለሽ?

«ፕሮፌሰር፣ ከሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ያለፈ ተማሪ የለዎትም እኮ፤ አንድም!» አልሽኝ።

«ተማሪዎቼን ትቆጥሪያለሽ?»

«ሲስተሙ ነው የሚቆጥረው።»

«ሲስተሙን የሚያነበውስ?»

«እኔ ነኛ! እርስዎማ ኢሜይልም አያነቡ።»

ሣቅሽ። እኔ አልሣቅሁም። ነገሩን ልትነግሪኝ እየሞከርሽ እንደሆነ ዛሬ ገብቶኛል፤ ያን ቀን የሰማሁት ግን ሌላ ነው። የሰማሁት «ተማሪዎችህ ጥለውህ ይሄዳሉ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ» የሚል ነው። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ቆልፌ «በመምህር ላይ የሚካሄድ ስውር ክትትል» የሚል አራት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። አራት ገጽ! የዶክትሬት ጽሑፌ መግቢያ እንኳ ሦስት ነው። ነጻነት፣ ክብር፣ የአባቶቻችን ሕገ መንግሥት፣ ሁሉንም አስገባሁበት። ሰሚ አገኘሁ። የቪዲዮውን ሥራ ወሰዱብሽና የአሮጌ ካርታ ሣጥን እንድትቆጥሪ ወደ ምድር ቤት አወረዱሽ። ግንቦት ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የከተማ ቤተ መጻሕፍት ሄድሽ። የስንብት ኬክሽ ሲቆረስ አልመጣሁም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ መጥቼ የተረፈውን በላሁ። ይህን አቤቱታው ላይ አልጻፍኩትም፤ እዚህ ይመዝገብልኝ።

በመስከረም ትሪና ዴግሩት የምትባል ተማሪ መጣች። አታውቂያትም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከባሏ ጋር ሰባ ላም ታልባለች፤ ነርስ መሆን ፈልጋ ኮሌጅ ገባች። ስለ ፊልሙ የታዘዘውን ጽሑፍ ስታስገባ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «በዚህ ፊልም ውስጥ ማሽን የሚወለውል ሰው የለም። ስለዚህ ስላየሁት ነገር እጽፋለሁ።» ቀጥላ ሦስት ገጽ ጽፋለች። እኔ ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም። በቀይ «ፊልሙን አላየሽም» ብዬ ጻፍኩና ሳይታይ ታይቷል ማለት ማታለል ነው ብዬ ወደ አካዳሚያዊ ታማኝነት ኮሚቴ መራሁት። የሌሎቹ ሁሉ ጽሑፍ ስለ ጨርቁ ይተነትናል፤ ይህቺ ብቻ የለም ትላለች። ማንን ልጠርጥር?

ቢሮዬ መጣች።

«ተቀመጪ፣ ወይዘሮ ዴግሩት።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ፊልሙን አይቻለሁ ነው የምትይው?»

«ሦስት ጊዜ። አንዴ ኩሽና፣ ሁለቴ ጋጣ ውስጥ። ላሞቹም አይተውታል፤ ይጠይቋቸው።»

«ታዲያ ሠራተኞቹ ማሽኑን ሲወለውሉ የት ነበርሽ?»

«የሚወለውል የለም።»

«አለ።»

ስልኳን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ገፋችው። «ይኸው። ያሳዩኝና ወንጀለኛ ነኝ ብዬ ልፈርም።»

ስልኩ የጭድ ፍርፋሪ ነበረበት። «እኔ ከተማሪ ጋር በስልክ ፊልም አላይም» አልኩ። ክብር ያለው መልስ መስሎኝ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ እርስዎ መቼ ነው ያዩት?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።» ስልኳን አነሣች። «የነርስ ትምህርት ቤቱ በጥር መልስ ይሰጠኛል። መዝገቤ ላይ አታላይ የሚል ካገኙ ማመልከቻዬን ገልጠውም አያዩት። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት እንገናኝ።»

እንግዲህ ማስረጃ ያስፈልገኛል ብዬ ወደ ላይል ሄድኩ። ላይል ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ሲያስነጥስም በመመሪያ ነው።

«የትሪና ዴግሩትን መዝገብ ስጠኝ። ፊልሙን ከፍታ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንዳየች።»

«አይቻልም።»

«ለምን?»

«የማንንም ሰው የማየት መዝገብ በስም መስጠት ክልክል ነው። መመሪያ አለ።»

«የማን መመሪያ?»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። «ከሚያዝያ ወዲህ የወጣ ነው። አንድ ሰው አራት ገጽ አቤቱታ ጽፎ ነበር። እኛ እዚህ የሃውገን መመሪያ ነው የምንለው።»

ዶሪን፣ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ፊቱን የት ያደርጋል? እኔ ወደ ጣሪያው አደረግሁ።

«ጠቅላላ ቁጥሩን ግን መስጠት እችላለሁ» አለ ላይል። «በሦስት ዓመት ዘጠና አራት ተማሪ። የከፈቱት ስልሳ ሦስት። የጨረሱት ሃያ ስምንት። ከሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ያለፈ፣ ዜሮ።»

«አየህ!» ጠረጴዛውን መታሁት። «ማንም መጨረሻው ላይ አልደረሰም!»

«ሃያ ስምንቱ ደርሰዋል አልኩዎት እኮ። ፊልሙ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ዘጠና ስድስት ነው!»

«ሃምሳ ሁለት ነው፣ ፕሮፌሰር። አንድ ነገር ልጨምር፤ በስም አይደለም። ይህን ሊንክ በመምህር መግቢያ ስም መክፈት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። በመምህር መግቢያ የተከፈተው ደግሞ ዜሮ ጊዜ ነው።»

ከቤተ መጻሕፍቱ ትንንሽ የፊልም ማያ ክፍሎች አንዷ ውስጥ ገብቼ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ አየሁት። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ከተማዋ መጣች፣ ፋብሪካው መጣ፤ አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር በጣቷ ካልሲ ስትቆጥር መጣች። በሩ ተቆለፈ። የሠሪዎቹ ስም ተንከባለለ። ጨርቅ የሚባል የለም። ወለውሉልኝ ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የሚወለውል የለም።

ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።

ከክፍሉ የወጣሁት እየጮህኩ ነው። «ቆርጣችሁታል! ማን ነው ያስቆረጠው? የፋብሪካው ባለቤቶች ናቸው?»

ላይል ሳይነሣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። አምስት ኢሜይል። ሁሉም የአንቺ፣ ሁሉም ለእኔ።

በመጀመሪያው «ፕሮፌሰር፣ ሙሉው ቅጂ ዘጠና ስድስት ደቂቃ ነው፤ ለእሱ ፈቃድ መጠየቅ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እጃችን ላይ ያለው አከፋፋዩ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲመጥን ያሳጠረው ነው። የትኛውን ይፈልጋሉ?» ብለሻል። ሥሩ የእኔ መልስ አለ፦ «ፊልም የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በኅሊና ነው። እጅሽ ላይ ያለውን ስጪኝ።» ስጽፈው ምን ያህል እንደኮራሁ ትዝ ይለኛል። በሁለተኛው «አጭሩን ከፍቼ አየሁት፤ መጨረሻው ላይ ንግግር የሌለበትን ክፍል አውጥተውታል። እሱን ያስተምሩበት ይሆን?» አልሽ። የእኔ መልስ «ደርሶኛል» ነው። ለሦስተኛው «ከቢሮ ውጭ ነኝ» የሚል የማሽን መልስ ሄዷል፤ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። ለአራተኛው ምንም። አምስተኛው «አዲስ ከረሜላ ገብቷል፤ ብቅ ይበሉና ስለ ፊልሙ ሁለት ደቂቃ እናውራ» ይላል። ለእሱ በጽሑፍ አልመለስኩም። መጥቼ ከረሜላውን ወስጄ ሄድኩ።

አሁን በእኛ ሙያ ሁሉም የሚያውቀውን ግን ማንም የማይጽፈውን ነገር ልጻፍልሽ። የፊልም ቀን የመምህር የዕረፍት ቀን ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ መምህሩ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ይወጣል፣ ፈተና ያርማል ወይም ሳንድዊች ይበላል። ያንን ፊልም ሙሉውን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። የቀረው ትዝታ ነው። ትዝታው ደግሞ ቀለም ተቀብቶ ነበር።

የሦስት ዓመት ጽሑፎችን ከሣጥን አወጣሁ። ከዘጠና አራቱ ዘጠና ሦስቱ ስለ ውልወላው ጽፈዋል። አንዱ «ሰማያዊው ጨርቅ» ይላል፣ አንዷ «ቀዩ ጨርቅ»፣ ሌላው «ቢጫው ጨርቅ የተስፋ ምልክት ነው» ይላል። አንዱ የዘይቱ ሽታ ሸተተኝ ብሏል። በየጠርዙ የእኔ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «ግሩም አስተውሎት!» ያላዩት ሠላሳ አንዱ አይገርሙኝም፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። የሚያስፈራኝ የጨረሱት ናቸው። ከትሪና ውጭ ሃያ ሰባት ሰው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አይቶ፣ እንደሌለ በዓይኑ አረጋግጦ፣ ከዚያ ተቀምጦ አለ ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም እኔ አለ ብያለሁ። እኔ አንቺን ስጠራጠር፣ ቅጹን ስጠራጠር፣ ከረሜላ ስጠራጠር ኖርኩ። መጠርጠር የሚገባቸው እነሱ ነበሩ፤ መጠርጠር የሚገባቸውም እኔን ነበር። ይህን ያደረገችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷን ከሰስኳት።

ለሐሙስ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጻፍኩና ኪሴ ከተትኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢው የኬሚስትሪው ኦርቪል ቡርክ ነው። ትሪና ብርቱካናማ የአደን ቆብ ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ተነሥቼ ጀመርኩ። «ተማሪዋ ትክክል ነች። ለክፍሉ የተሰጠው አጭሩ ቅጂ ነው፤ የተባለው ትዕይንት የለበትም» አልኩ። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

ኦርቪል አላስጨረሰኝም። «እንዴ! ማለት ቤተ መጻሕፍቱ የተሳሳተ ቅጂ ሰጠህ?»

«ነገሩ…»

«ማን ነበር ያኔ?»

«ዶሪን ፓቭላክ። አሁን ሄዳለች።»

«ሄዳለች!» የሦስቱም ፊት እንደ ፀሐይ በራ።

ከሦስቱ አንዷ፣ አዲስ የተቀጠረች ልጅ፣ «ግን መምህሩ አስቀድመው ፊልሙን…» ብላ ጀመረች። ሁሉም ወደየራሱ ኩባያ ውስጥ ተመለከተ። ኦርቪል ራሱ በየዓመቱ የፍንዳታ ፊልም ያሳያል፤ በዚያን ቀን የት እንደሚገኝ የመዋኛ ገንዳው ጠባቂ ያውቃል። ልጅቱ ቀና ብላ ፊታችንን አየችና ጥያቄዋን መልሳ ዋጠችው።

«እንዲህ ይጻፍ» አለ ኦርቪል፤ «ቤተ መጻሕፍቱ በስህተት አጭሩን ቅጂ በማቅረቡ አለመግባባት ተፈጥሯል፤ ተማሪዋ ነጻ ናት። ዊልመር፣ ትክክል ነው አይደል?»

ወረቀቱን በጣቴ ነካሁት። ዶሪን፣ ነቀነቅሁ። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። ትሪና ነጻ ወጣች፣ እኔ ነጻ ወጣሁ፣ ኦርቪልና ፍንዳታው ነጻ ወጡ። የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺ ደግሞ የለሽም። እንዴት ያለ ምቹ ነገር ነው!

ኮሪደሩ ላይ ትሪናን ደረስኩባት።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ለምኑ? ያየሁትን አይተሻል ተብዬ?» ቆቧን አጠለቀች። «ያቺ ተሳሳተች የተባለችው ሴትዮ ማን ነች?»

«እዚህ ትሠራ የነበረች ናት።»

«ጠየቋት?»

«አልጠየቋትም።»

«እኔንም ሳይጠይቁ ነው የከሰሱኝ። ልዩነታችን እኔ ዛሬ እዚህ መገኘቴ ነው።» ኮቷን እየቆለፈች ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «በሉ፣ ላሞች ይጠብቁኛል። እነሱ ኮሚቴ የላቸውም።»

ዓርብ እንደ ልማዳችን የተጠበሰ ዓሣ ልበላ ሄድኩ። ኦርቪል ከወንበሩ ተነሥቶ ትከሻዬን መታኝና የብራንዲ ብርጭቆ አቀበለኝ።

«በሰላም አለፈ፣ አይደል?» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «እውነቱን ንገረኝ፣ ያንን ፊልም አይተኸው ታውቃለህ?»

«አንተስ የፍንዳታውን?»

«ፍንዳታ እኮ ፍንዳታ ነው፣ ዊልመር!»

ዓሣው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አጥንት አልነበረውም።

ሰኞ ጠዋት ማረሚያ ጽፌ አምስቱን ኢሜይልሽን አያይዤ ለኮሚቴው ጸሐፊ ሰጠሁ። «እርግጠኛ ነዎት? አንዴ ከገባ አይወጣም» አለችኝ። «ለዚያ ነው የማስገባው» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ዲኑ ለመምህራን ሁሉ «የምታሳዩትን ፊልም መጨረሻ መቼ አያችሁት?» የሚል አንድ መስመር ላኩ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጥ የለም። ኦርቪል በጓሮ በር መውጣት ጀምሯል። ታማኝነት ኮሚቴው የፊታችን ረቡዕ ስብሰባ አለው፤ የዚህ ጊዜ ተከሳሽ እኔ ነኝ። «ሥራና ሰው»ን ሊወስዱብኝ እንደሚችሉ ነግረውኛል። ቢወስዱት አቤቱታ አልጽፍም። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ያለኝን ዝና ታውቂዋለሽ።

ተመለሺ አልልሽም። እዚህ አራት ገጽ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብል ደግሞ «አሁን ምን ፈልጎ ነው?» ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ። ጠርጥሪ፤ ሙሉ መብትሽ ነው። እኔ የማደርገውን ብቻ ልንገርሽ። ትናንት ለሙሉው ቅጂ አሥራ ሁለቱንም ሳጥን በእጄ ሞላሁ፣ ልክ ቅጹ እንደሚለው ፊልሙ ከሚታይበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀድሜ። ሲመጣ፣ መምህር ሆኜ ከቆየሁ፣ መብራቱን አጥፍቼ ከተማሪዎቹ መሃል ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። የሚወለውል ሰው ከሌለበት በቃ የለም። ካለ ደግሞ ጨርቁ ግራጫ ይሆናል። ከማረሚያው አንዱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ስምሽ ያለበት ወረቀት ከእንግዲህ ከአንቺ ተደብቆ አይቀመጥም።

አክባሪሽ ሳልሆን የቆየሁ፣
ዊልመር ሃውገን

ማረሚያ

ለአካዳሚያዊ ታማኝነት ኮሚቴ፦ የሐሙሱ ቃለ ጉባኤ ገጽ ሁለት ላይ «ቤተ መጻሕፍቱ በስህተት አጭሩን ቅጂ በማቅረቡ» የሚለው፣ «ወይዘሮ ዶሪን ፓቭላክ አምስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃው መምህሩ ባለማንበቡ» ተብሎ እንዲነበብ። እንዲሁም በመምህሩ በቀረበው የመጀመሪያ ክስ ላይ «ተማሪዋ ፊልሙን አላየችም» የሚለው፣ «መምህሩ ፊልሙን አላየም» ተብሎ ይታረም።